ጣት የሌላቸው አያ ታደገ

ለመሆኑ የሰው ልጅ ስንት ጣት ያስፈልገዋል? አሥር ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። እኔ በሙያዬ ተመራምሬ የደረስኩበት መልስ ዜሮ ነው። ጆሮም ቢሆን የግድ አይደለም፤ ሰውዬው ጥምጣም ወይም ጎፈሬ ካለው ማንም አይጠይቅም። የእግር ጣትማ ተዉት፣ ቅንጦት ነው።

እንዲህ የምለው ጨካኝ ሆኜ አይደለም፤ እንጀራዬ ስለሆነ ነው። እዚህ ላሊበላ ተቀምጬ አዲስ አበባ ላለ አንድ ጌም ሠሪ ድርጅት በኮምፒውተር ሰው እሠራለሁ። በስልክ ጌም ውስጥ የሚራመደው፣ የሚሮጠው፣ ገደል የሚገባው ሰው ሁሉ ገላው ከትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች የተሰፋ ነው። ማዕዘኑ በበዛ ቁጥር ሰውዬው ያምራል፤ ስልኩ ግን ይግልና ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ለርካሽ ስልክ የሚሠራ ሰው በጥቂት ማዕዘን መሠራት አለበት። ሎው ፖሊ ይሉታል። አለቃዬ ለአንድ ሰው የሚፈቅድልኝ ስድስት መቶ ማዕዘን ነው። አንዲት ብትበልጥ ይደውላል። አንድ እጅ ከነጣቱ በወግ በማዕረግ ልሥራ ብትሉ ብቻውን መቶ ምናምን ይበላል። ታዲያ ምን ይደረግ? ጣት ይቆረጣል። አባቶቻችን ከአለት ላይ ድንጋይ እየቀነሱ ቤተ ክርስቲያን አወጡ፤ እኔ ከሽማግሌ ላይ ጣት እየቀነስኩ ደመወዝ አወጣለሁ። ያው ሁላችንም ቀናሾች ነን።

ባለፈው ሰሞን የታዘዝኩት ሰው በላስታ ተራሮች ላይ ገብስ በበቅሎ ጭኖ ፍላቂት ገበያ የሚወርድ ሽማግሌ ነበር። አርአያ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም፤ አከራዬ አያ ታደገ አሉ። ቀጥ ያለ ቁመት፣ ሰፊ ትከሻ፣ ከሩቅ የሚታወቅ አፍንጫ። አፍንጫቸው ብቻ አሥራ ስምንት ማዕዘን ፈጅቷል፤ ከዚያ በታች እንቢ አለኝ። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ዝናሽ ልጅ የላቸውም። ግቢው ውስጥ ያለነው ሦስታችን ብቻ ነን፤ እነሱ በዋናው ቤት፣ እኔ በጓሮዋ ክፍል።

አያ ታደገ ግን ለእኔ የሥዕል አርአያ ብቻ አልነበሩም። የዚያን ሳምንት እሁድ ሽማግሌ ሆነው ገነተ ማርያም ሊሄዱልኝ ነበር። ብርቄ የምትባል አስተማሪ አለች፤ እዚሁ ከተማ ታስተምራለች። እኔና እሷ ከተስማማን ከርመናል፤ የቀሩት አባቷ ናቸው። አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ ፊቴን አይተውት አያውቁም። ስለ ሥራዬ በሰው በሰው አስጠይቀው "ጣት የሌለው ሰው ይሠራል" ሲባሉ ሦስት ጊዜ አማተቡ አሉ። በዚያ ላይ አንድ የፍላቂት ሰው፣ ባለ ሚኒባስ፣ በሚቀጥለው እሁድ የራሱን ሽማግሌዎች ሊልክ እንደሆነ ብርቄ ነግራኛለች። ሚኒባስ ጣት ባይኖረውም ማንም አይስቅበትም። የኔ ተስፋ ቀድሞ መድረስና የአያ ታደገ አንደበት ነበር። እሁድ ካመለጠኝ ብርቄ አመለጠችኝ።

አያ ታደገ ማክሰኞ ዕለት ወደ ኮን ሄዱ። እዚያ የሚኖሩት ታላቅ ወንድማቸው አያ ሞላ ጉልበታቸውን አሟቸው ሊጠይቋቸው ነው። ሲወጡ "ዓርብ እመለሳለሁ፤ እሁድ በጧት ለጉዳይህ እንወጣለን። አንተ ብቻ ፀጉርህን ተቆረጥ" አሉኝ። እኔም ፀጉሬን ትቼ እሳቸውን መቁረጥ ጀመርኩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥራው ወደ ማለቁ ተቃረበ። የጣቱን ጉዳይ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፌ ነጠላ ሥር በመሸጎጥ ዘጋሁት። አገጭና አንገት አርባ ማዕዘን ሲጠይቁኝ፣ ራሳቸውን ወደ መሬት ዝቅ አደረግሁና አንገቱን ሰወርኩት። ጫማ ውድ ነው፤ በባዶ እግራቸው አቆምኳቸው። ዓይን ከመሥራት ሁለት ጥቁር ሰረዝ መሳል ይረክሳል፤ ስለዚህ ዓይናቸው ተከደነ። በመጨረሻ ነጠላ አለበስኳቸው። ነጠላ ስላችሁ የነጠላ ሥዕል ነው፤ ጠፍጣፋውን ሥዕል ወስዳችሁ እንደ መጠቅለያ ወረቀት ሰውዬው ላይ ትጠመጥሙታላችሁ። ቁጥሩን አየሁ፤ አምስት መቶ ዘጠና ስምንት! ከወንበሬ ዘለልኩ። የተረፉትን ሁለት ማዕዘኖች ለጢማቸው መረቅሁላቸው።

በደስታ ስክር ብዬ ሥዕሉን በስልኬ ለአለቃዬ ላክሁት። ሥራዬ ራሱ ይናገር ብዬ አንድ ቃል ጽሑፍ አልጨመርኩበትም። ወዲያው መብራት ሄደ፤ ስልኬም ቻርጅ ጨርሶ ጠፋ፤ እኔም የሁለት ቀን እንቅልፍ ዕዳዬን ልከፍል ጋደም አልኩ።

በማግሥቱ የቀሰቀሰኝ ጥሩምባ ነው። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ አያ ገብሬ ይባላሉ። ሰውዬው ጥሩምባውን ሲነፉ በሕይወት ያለውም ለራሱ ይሰጋል። በራችን ላይ ቆመው "የታደገ ወንድም ሞላ፣ ኮን ላይ አርፏል! ድንኳን ተከላ ውጡ!" አሉ።

ደነገጥኩ። አያ ሞላን ባለፈው ፋሲካ አግኝቻቸዋለሁ፤ ሳቂታ ሰው ናቸው። ከልቤ አዘንኩ። ነገር ግን መዋሸት አልወድም፤ ሁለተኛው ሐሳቤ "እሁድ!" የሚል ነበር። ወንድሙ የሞተበት ሰው አርባው ሳይወጣ ሽምግልና አይሄድም። በአርባ ቀን ውስጥ ሚኒባሱ ስንት ጊዜ ገነተ ማርያም ደርሶ እንደሚመለስ አሰብኩና እዬዬ አልኩ። ለአያ ሞላ ካፈሰስኩት እንባ ግማሹ የሚኒባሱ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ያም ሆኖ ማንም በስንፍና አይማኝ፤ እንደዚያን ቀን ሠርቼ አላውቅም። ድንኳኑን ተሸከምኩ፣ ካስማ መታሁ፣ አግዳሚ ወንበር ደረደርኩ፣ ውሃ ቀዳሁ፣ ንፍሮ አደልኩ። ሳድል ለራሴም ሁለት እፍኝ ደረሰኝ። እትዬ ዝናሽ መሐል ላይ ተቀምጠው ይንሰቀሰቃሉ። ሐዘን ሲይዛቸው ቃል አይወጣቸውም፤ እንባ ብቻ ነው። ወደ ኮን ቢደወል ቢደወል ኔትወርክ የለም።

ትንሽ ፋታ ሲገኝ አያ ገብሬን "ለመሆኑ መርዶውን ማን አመጣው?" አልኳቸው።

"ማንም አላመጣው፤ ፎቶ ነው የመጣልን" አሉኝ። "ታደገ ራሱ ሳይሆን አይቀርም ያስላከው። በእድራችን የስልክ ግሩፕ ላይ ትናንት ከማላውቀው ቁጥር ገባ። ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ደረቱን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በባዶ እግሩ ቁሞ! ኧረ አንጀት ይበላል! አንድ ቃል እንኳ አልጻፈበትም። የታመመ ወንድሙን ሊጠይቅ ሄዶ ምን ብሎ ይጻፍ፣ ምስኪን!"

አያ ገብሬ ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ።

አዎ። የእጄን ሥራ አወቅኋት። አሥራ ስምንት ማዕዘን አፍንጫ። ለአለቃዬ ልልክ ብዬ ስልኬ ላይ ከሱ በታች ለተሰለፈው ለእድሩ ግሩፕ ልኬዋለሁ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ነጠላው ነው። የነጠላውን ሥዕል ሳለብሳቸው ላዩ ታች፣ ታቹ ላይ ሆኖ፣ ግርጌ መዋል የነበረበት ጥለት አንገታቸው ሥር ወጥቷል። ነጠላውን እንዲህ አዘቅዝቆ የሚለብስ ሰው ሐዘንተኛ መሆኑን በላስታ የሚጠባ ሕፃንም ያውቃል። እኔ ግን ማዕዘን ስቆጥር ጥለቱን አላየሁትም።

"አያ ገብሬ፣ ፊታቸው ግን ትንሽ... ጠርዝ ጠርዝ አልሆነም?" አልኳቸው።

"ኔትወርክ ነው" አሉ በእርግጠኝነት። "ከኮን እስተዚህ ሲመጣ ተሟልቶ አይደርስም።"

"ጣታቸውስ?"

"እሱም ኔትወርክ ነው። ቆይቶ ይገባል።"

የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የአውራ ጣት ወለምታም እንደዚያው ነው። ግማሽ ከተማ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም እያየሁ፣ እውነቱን ልናገር ተነሣሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር አዘጋጀሁ። "ወገኖቼ፣ የምሥራች፣ አያ ሞላ አልሞቱም" ጥሩ መነሻ ነው። ቀጥሎ ያለው ነው የከበደኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ወደ ድንኳኑ መሐል ሁለት እርምጃ ስራመድ፣ በግቢው በር አንድ በቅሎ ገባች። በበቅሎዋ ላይ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ ሽማግሌ አሉ። ሰዉ ሁሉ ብድግ ብሎ "መሪጌታ መጡ" አለ።

የብርቄ አባት። ከአያ ታደገ ጋር በልጅነታቸው አብረው ቆሎ ትምህርት ቤት ነበሩና፣ ወሬው ገነተ ማርያም ሲደርስባቸው በቅሎ አስጭነው ገሠገሡ። እንግዲህ ፍረዱ። አማቴ እንዲሆኑ የምለምናቸው ሰው፣ መጀመሪያ ሲያዩኝ "በሕይወት ያለ ሰው ገድዬ ከገነተ ማርያም ያስመጣሁዎት እኔ ነኝ" ልበላቸው? ወደ ኋላዬ በጎን በጎን ሄድኩና ክፍሌ ገባሁ። ኮቴዬ እንዳይሰማ ጫማዬን ደጅ አውልቄ፣ በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁና አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። የድንኳኑ ጀርባ ከመስኮቴ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ፣ ውስጥ ያለ ሰው ቢያዛጋም ይሰማኛል።

መሪጌታ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብለው ገና አረፍ እንዳሉ፣ ውጪ መኪና ቆመ። አያ ታደገ!

በኛ አገር ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው ኋላ ነው። ሳያለቅስ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅን ሰው ደግሞ ምን ይሉታል? አያ ታደገ የገዛ ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ሲያዩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ወየው!" እያሉ ገቡ። ሐዘንተኛው ደረሰ ብሎ ሰዉ በአንድ ድምፅ ጮኸ። እትዬ ዝናሽ አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ፤ ቃል ግን አይወጣቸውም። አያ ታደገ ሚስታቸውን በሕይወት አገኙ። ራሳቸውን በሕይወት አገኙ። በዚህ ግቢ ያለነው ሦስት ነን ብያችኋለሁ። ዞረው የጓሮዋን ክፍል አዩ፤ በሩ ተዘግቷል፣ ጫማዬ ደጁ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

"ልጄን! ኧረ ልጄን!" አሉ።

መጀመሪያ ማንን እንደሚሉ አልገባኝም። ለካ የሞትኩት እኔ ነኝ። ወዲያው ወጥቼ "አለሁ" ማለት ነበረብኝ። ግን እስቲ እውነት ተናገሩ፣ ሰው ስለራሱ ለቅሶ ሲሰማ ማን ያቋርጣል?

"ልጅ ነስቶኝ ነበር፣ በስተርጅና ሰጠኝ ብዬ!" አሉ አያ ታደገ ደረታቸውን እየመቱ። "ትሁት! ሽማግሌ ሲናገር ቃል የማያቋርጥ!"

ይህ እውነት ነው፤ ጆሮዬ ላይ ሁልጊዜ ማዳመጫ አለ።

"ጾመኛ! እስተ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ!"

ሥራ ሲይዘኝ መብላት እረሳለሁ።

"ጸሎተኛ! ሌሊት መብራቱ የማይጠፋ! በመስኮቱ ሳየው ጎንበስ ቀና ሲል ያድራል!"

ወንበሬ አንድ እግሩ አጭር ነው።

በድንኳኑ ውስጥ ግራ መጋባት የጀመረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንዱ ለጎረቤቱ "አያ ሞላ የሰባት ልጆች አባት አይደሉ? ምነው እንደ ጎረምሳ ይለቀስላቸዋል?" ሲል ሰማሁ። አያ ታደገ ግን ማንንም አይሰሙም። መሪጌታን አይተዋቸዋል።

"መሪጌታ! ወንድሜ! እርስዎ ዘንድ ነበር እሁድ የምንመጣ! ብርቄን ስጡን ልንልዎት ነበር እኮ! ምሎ የሚታመን፣ ክፉ የማይወጣው፣ እንዲህ ያለ ልጅ! ሳንድርለት ቀረ!"

ከዚያ የመሪጌታ ወፍራም ድምፅ፣ በእንባ የራሰ፣ ተሰማ። "ምነው ቀድማችሁ በነገራችሁኝ ታደገ! እኔ በሰው ወሬ ከፍቼበት ነበር። ጾሙ ጸሎቱ እንዲህ መሆኑን ባውቅ ልጄን እነፍገዋለሁ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልናገር፣ ቢኖር ኖሮ ብርቄ የሱ ነበረች።"

አልጋዬ ላይ በደረቴ ወደቅሁ። ዕልል ልበል ወይ ላልቅስ? በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ችግሩ በሕይወት አልነበርኩም።

ያኔ አያ ገብሬ "ቆይ እስቲ፣ የጓሮው ልጅ ነው የሞተ የምትሉ?" አሉ። "እሱማ ቅድም ካስማ ሲመታልኝ አልነበረም? ንፍሮ ያደለኝስ ማን ነው?"

መልስ ሳይሰጣቸው አያ ሞላ ገቡ። ከወንድማቸው ጋር በዚያው መኪና የመጡት ለጉልበታቸው ሐኪም ሊያዩ ነው፤ እግራቸው ዘግይቶባቸው ኋላ ቀርተው ነበር። እንደ ባህላቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በከዘራቸው እያነከሱ፣ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያሉ ለራሳቸው ለቅሶ ደረሱ።

"በስመ አብ!" የሚለው ጩኸት ድንኳኑን ነቅሎት ሊሄድ ነበር። ንፍሮው ተበተነ፣ አግዳሚው ተገለበጠ፣ አንዷ እናት በድንኳኑ ሥር ሾልከው ወጡ። መሪጌታ መስቀላቸውን ዘርግተው ቆሙ። አያ ሞላ ሰው ለምን ከፊታቸው እንደሚሸሽ ስላልገባቸው ይበልጥ አለቀሱ። እኔም ከዚህ በላይ መደበቅ ኃጢአት ነው ብዬ በባዶ እግሬ ወጣሁ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛው ሟች መሆኔን ያስታወስኩት ቀሪዎቹ ሲሮጡ ሳይ ነው።

አያ ታደገ ብቻ አልሸሹም። ቀስ ብለው ቀረቡኝ፣ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ አቀፉኝ። ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ። በዚያች እቅፍ ውስጥ ሆዴ ባባና እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ቀልድ አይደለም። ከዚያ ሁሉንም ዘርዝሬ ተናዘዝኩ። ስጨርስ ከዘራቸውን አነሡና ሁለት ጊዜ ቂጤን አሉኝ። ይገባኛል።

ፎቶውን ተቀብለው እያራቁ እያቀረቡ አዩት። "ጣቴስ?" አሉ።

"ማዕዘን አልበቃኝም።"

"ለአፍንጫዬ በቅቶህ ለጣቴ አልበቃህም?"

መሪጌታ በዚህ መሐል በቅሎዋን አስመጡልኝ አሉ። ፊታቸው ጠቁሯል። አያ ገብሬ ግን በሩ ላይ ቆመው መንገድ ዘጉ። "መሪጌታ፣ ቃል ወጥቷል። እድሩ በሙሉ ሰምቷል።"

"እኔ የሰጠሁ ለሟቹ ነው" አሉ መሪጌታ።

"ሟቹ ይኸው ቁሟል!" አሉ አያ ታደገ።

መሪጌታ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ሰዉ ሁሉ የተገለበጠውን አግዳሚ እያቃና አፋቸውን ይጠብቃል። እኔ ልቤ በጆሮዬ ይመታል፤ ጆሮ ለካ ለአንድ ነገር ይጠቅማል።

"መልካም" አሉ በመጨረሻ። "ቃሌን አላጥፍም። ግን የሰጠሁ ለዚያ ለጾመኛው፣ ለጸሎተኛው፣ ለትሁቱ ነው። ይህ ልጅ እሱን ሆኖ ከተገኘ፣ እስተ ጥር አይቼ እድራለሁ። የፍላቂቱን ሰው እንዳይደክም እነግረዋለሁ።" ሴቶቹ ዕልል አሉ። በዚያው ድንኳን፣ በዚያው ንፍሮ፣ ነጠላ ሁሉ ተገልብጦ ጥለቱ ወደ ቦታው ወረደ።

አለቃዬም ሽማግሌውን ተቀበለው። አያ ታደገ አሥር ጣት ካልተሠራልኝ ጥር ላይ አልቆምልህም ስላሉ አሥሩንም ሠራሁ። የሚያስፈልገውን ማዕዘን በጌሙ ውስጥ ገብስ ከምትጭነው በቅሎ ወሰድኩ፤ አሁን ጆሮም ጭራም የላትም፣ ከሩቅ ስትታይ አግዳሚ ወንበር ትመስላለች። ማንም ቅር አላለውም።

የከበደኝ የራሴ ሥራ ነው። አያ ታደገ በለቅሶዬ ላይ የሠሩት ልጅ ሎው ፖሊ ነው፤ ስንፍናዬን፣ ኩርፊያዬን፣ ማንኮራፋቴን ቆርጠው ጥለው ጥቂት መልካም ማዕዘን ብቻ አስቀሩ። እኔ ነኝ አሁን እሱን ለመምሰል የምታገለው። ጧት ጧት ዳዊት እደግማለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል አልቀምስም። ሽማግሌ ሲናገር ማዳመጫዬን አወልቃለሁ። መሪጌታ ሳይነግሩኝ በበቅሎ ብቅ እያሉ በመስኮቴ ያዩኛል፤ የወንበሬንም እግር አስጠግኜዋለሁ፣ ጎንበስ ቀና የምለው በራሴ ጉልበት ነው።

ትናንት ለብርቄ ድካሜን ሁሉ ነገርኳት። እንድታዝንልኝ ነበር። ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ይሁን፣ ትችላለህ" አለችኝ። "ሟቹ ግን ይሻል ነበር።"